ወፍጮ ለምን ይወቀራል

ጭስ ሰው ይገድላል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔን ግን አልገደለኝም፤ ሌላ ሰው አድርጎ ነው ያወጣኝ። ዛሬ ከደብረ ታቦር እስከ እብናት ወሬዬ ሲነሳ ሰው የሚያማትበው፣ ቄሱ ሳይቀር በደጄ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው፣ በአንዲት የግንቦት ቀንና በማግሥቷ በሆነብኝ ነገር ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው በየፊናው ሲያጣምመው ኖሯል። አሁን እኔ ልናገረው።

ስሜ ትርንጎ ነው። አደራ፣ ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አባቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለች ደብር የቅኔ መምህር ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን እሱ እለዋለሁ፣ የፈለገ ይቀየመኝ። ንጉሡ ከተማቸውን በደብረ ታቦር ካደረጉ ወዲህ አገሩ በወታደር ተሞልቶ ነበር። ፈረንጆቹም እዚያው ጋፋት ላይ መድፍ ያፈሳሉ። ተማሪ ግን ወታደር አይፈራም፤ የሚቀማው ነገር ምን አለው? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከጎጃምም ከዋድላም ወደ አባቴ ይጎርፍ ነበር። ጠዋት በየዛፉ ሥር ተበትነው ቅኔ ይቆጥራሉ። ቀን ሲያዘቀዝቅ መጥተው ለአባቴ ይነግራሉ፤ እሱ ያርማል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጥጥ እየፈተልሁ እሰማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ዘፈን አላውቅም። ተማሪው ቤት ሳይመታለት ሲደናበር እኔ በልቤ ጨርሼ፣ እንዝርቴን አሹሬ እጠብቀዋለሁ።

ታዲያ አባቴ ከሌሎቹ መምህራን የሚለይበት አንድ ልማድ ነበረው። አንድ ተማሪ መምህር ለመሆን ሲያስመሰክር፣ በካህናቱ ፊት የሚያቀርበው ቅኔ ከመጽሐፍ ታሪክ ብቻ እንዲወጣ አይፈቅድም። የሰውን ኑሮ ማሳየት አለበት፤ ባላገሩ ከወታደሩ ጋር፣ ባል ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር። ተማሪው ነግሮ ሲጨርስ አባቴ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል።

“ይህን ከየት አገኘኸው?”

አየሁ ካለ የት እንዳየ፣ ሰማሁ ካለ ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። መናገር ያልቻለ ወደ ጎጆው ይመለሳል።

የኛ ተማሪዎች የሰሎሞንን ሚስቶች ስም ሳይቀር ያውቃሉ፤ የጎረቤታቸውን ኑሮ ግን አያውቁም። ከሰው ቤት የሚያውቁት ደጁንና ውሻውን ነው። ስለዚህ ምስክር ሲደርስባቸው ወደኔ ይመጣሉ። “ትርንጎ፣ በሞቴ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ጥጃዋ ለማን ትደርሳለች?” “ሴቶች ምንጭ ላይ ስለ ወታደር ምን ይላሉ?” “የይፋግ ነጋዴ ከባላገር ጋር ምን ብሎ ይከራከራል?” እኔም እነግራቸዋለሁ። ለቅሶ ቤት የሰማሁትን፣ ገበያ ያየሁትን፣ ሽማግሌዎች ሲዳኙ ከአጥር ሥር ያዳመጥሁትን አፈስላቸዋለሁ። እነሱ መጽሐፍ ሲፈልጉ ጣራ ገዳም ይወጣሉ፤ ሰው ሲፈልጉ ወደኔ ይመጣሉ።

ከሁሉም የባሰው ዋሴ ነበር። የእብናት ልጅ ነው። ድምፁ ድንጋይ ያስለቅሳል፤ ጭንቅላቱ ግን የነሐሴ ጎተራ ነው፣ ቢጠርጉት አንዲት ፍሬ አይገኝበትም። ወሬውን ብሰጠው ቅኔ ማድረግ አልቻለም። ጉባኤ ቃና፣ አጭሯን ቅኔ፣ ሠራሁለት። ነገረና አባቴ “ይበል!” አለው።

ስለዚህች ቃል ልንገራችሁ። ቅኔ ሲሰምር ሰሚው “ይበል!” ይላል። አባቴ እንደ ዋዛ አይላትም፤ ዓመት ሙሉ ለፍተው ሳይሰሟት የሄዱ አሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ በሌላ ሰው አፍ ሰማኋት። እንደ ጠላ ጥማት ያዘችኝ። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ አባቴ ለእኔ፣ ለትርንጎ፣ ይበል እንዲለኝ።

ዋሴ ለምስክሩ መወድስ እንድሠራለት ለመነኝ። መወድስ ከቅኔ ሁሉ ረጅሙ ነው።

“እሠራልሃለሁ። አባቴ ከየት አገኘኸው ሲልህ ግን ከትርንጎ ነው ትላለህ። ወሬው ብቻ ሳይሆን ቅኔውም።”

“ከተመሰከረልኝ በኋላ ምን ቸገረኝ? ማርያምን እላለሁ!”

ማለ። እኔም አመንሁ። የሐሰተኛ ሰው መሐላ እንደሚጣፍጥ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

መወድሱን ስፈጭ ሠራሁት። ወፍጮ ሲፈጩበት ሲፈጩበት ይለሰልሳል፤ እህሉ ይንሸራተትበታል። ያን ጊዜ በጥቁር ድንጋይ ይወቀራል፤ ፊቱ ይቆሳስላል፤ ዳግመኛም ይፈጫል። ባላገሩን እንደ ወፍጮ አድርጌ ሠራሁት። ጌታው የሚደበድበው ስለሚጠላው አይደለም፤ ከቁስሉ ዱቄት ስለሚወጣ ነው። የሚበላው ሌላ፣ የሚወቀረው ሌላ።

የምስክሩ ቀን ካህናቱ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከንጉሡ ከተማ አንድ አለቃ፣ ሰው የሚፈራቸው ሊቅ፣ እንግዳ ሆነው መጥተዋል። እኔና እናቴ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ጠላ ይዘን ከአጥሩ አጠገብ ቆመናል። ዋሴ ተነሣ። ያን ድምፁን ለቀቀው። ሲጨርስ ወይራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ “ይበል! ይበል!” አለ። አባቴም አለ። እንግዳው አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። 

“ዋሴ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?” አለ አባቴ።

ዋሴ ወደ አጥሩ አየ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ወዲያው ፊቱን መለሰ።

“አየሁት፣ የኔታ።”

“የት?”

“በሰው ቤት።”

“መልካም። እስቲ ወፍጮ ለምን ይወቀራል?”

ዋሴ ራሱን አከከ። “ሲቆሽሽ ነዋ፣ የኔታ።”

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። የነገረው አልገባውም፤ በቀቀን ሆኖ ነው ያዜመው። እንግዳው አለቃም ሳቁና፣ “መሪጌታ፣ ወንድ ልጅ ወፍጮ ሲወቀር የት ቆሞ ያያል? ወይ ራሱ ፈጭቷል፣ ወይ ሴት አስተምራዋለች” አሉ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። በኛ አገር ለወንድ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

አባቴ አልሳቀም። ፊቱ ከሰል መሰለ። “ከማን ሰማኸው? ተናገር። አለዚያ አለንጋው ያናግርሃል።”

“ከትርንጎ ነው፣ የኔታ።”

“ወሬውን?”

“ቅኔውንም። ሁሉንም።”

አንባቢ ሆይ፣ የዚያችን ቅጽበት ደስታ ልነግርህ አልችልም። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠላውን አስቀምጬ ነጠላዬን አስተካከልሁ፤ አባቴ ሊጠራኝ ነው ብዬ።

አባቴ ግን አለንጋውን አስመጣ። ሁለት ተማሪዎች ዋሴን በግራና በቀኝ ያዙት። ይኼኔ ዋሴ በግንባሩ ተደፋ።

“ይማሩኝ የኔታ! እሷ አይደለችም እኮ! በእሷ አድሮ የሚናገር አለ! ስትነግረኝ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ዓይኗ ይፈጣል! እምቢ ብል ይገድለኛል ብዬ ፈርቼ ነው!”

አጥሩን እንዴት እንዳለፍሁት አላስታውስም። ከጉባኤው መካከል ራሴን አገኘሁት።

“ዋሽቷል! በኔ ላይ ማንም የለም! የራሴ ነው፣ አባባ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት!”

ካህናቱ አጉረመረሙ። አለቃው እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኟቸው። “ነገሩ ቀላል ነው። የራሷ ከሆነ አሁን ትንገረና። ጋፋት ላይ ስለሚፈሰው መድፍ ትቀኝ።”

ዓይኔን ጨፈንሁ። ምድረ በዳ ላይ ውሃ እንደሚያገኝ ሰው ሆንሁ፤ ቃሉ ራሱ መጣልኝ። ማረሻ ልትሆን የተወለደችው ብረት መድፍ ሆና ተዳረች፤ ባሏ እሳት ነው፣ ልጆቿ ሬሳ፣ ሚዜዎቿም አሞራዎች። ይህን በግእዝ፣ በቤቱ በቤቱ አስገብቼ፣ በዜማው ነገርሁ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። አባቴ ሊያርመኝ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቼዋለሁ፤ የሚያርመው አጣ።

ይበል እስኪለኝ ጠበቅሁ። 

አለቃው ቀስ ብለው አማተቡ። “ድምፁ የሴት ነው። ቃሉ ግን የሴት አይደለም። መሪጌታ፣ ልጅዎ ላይ ያደረውን ያስወጡላት።”

አያችሁልኝ? ባጠፋ ኖሮ ሞኝ ናት ብለው ስቀው ወደ ወፍጮዬ ይመልሱኝ ነበር። አንዲት ፊደል ብስት ኖሮ ድኜ ነበር።

አባቴን አየሁት። እሱም አየኝ። በልጅነቴ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የተማሪውን ቤት ሳልጠየቅ ስሞላለት ሰምቶ፣ “ዝም በይ!” ያለኝ ጊዜ ነበር። የማን ቃል እንደሆነ ያውቃል። ግን ደግሞ ከንጉሡ ከተማ የመጡት ሰው እያዩት ነው። ሴት ልጁን ቅኔ ያስተማረ ተብሎ ከሚሳቅበት፣ ልጁን ሰይጣን የያዘበት ተብሎ ቢታዘንለት መረጠ።

“ልጄን አድኑልኝ” አለ። ድምፁ ያሳዝን ነበር።

ያን ቀን ጎጆ ውስጥ ዘጉብኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሰይጣን የሚያስወጣው የአገሩ ባለመድኃኒት መጣ። ሰውየው እንዲህ ያለ ቀን ሲያገኝ እንደ ሠርግ ነው የሚያየው፤ ወገቡን አጥብቆ ታጥቆ፣ እጁን እያፋተገ ገባ። እጄን የፊጥኝ አሰሩኝ። በገል ላይ ፍም አድርገው ከፊቴ አስቀመጡ። የአህያ ፋንድያ፣ የጅብ ጠጉር፣ በላዩም በርበሬ ነሰነሱበት። በርበሬውን ያመጣችው እናቴ ናት። እያለቀሰች ነው ያመጣችው። እኔ ራሴ በሙቀጫ የወቀጥሁት በርበሬ ነው፤ ጥሩ በርበሬ ነበር። ከዚያ በጋቢ ሸፈኑኝ።

“ማነህ?” ይላል ባለመድኃኒቱ።

“ትርንጎ ነኝ!”

“ስሙን አላወጣም። ጨምሩበት።”

በርበሬው ይጨመራል። አፌ፣ ዓይኔ፣ ሳንባዬ ይነድዳል። አለንጋው በጋቢው ላይ ያርፋል።

“ስምህን ተናገር! ማነህ?”

“ትርንጎ! የመሪጌታ ልጅ! እማ፣ በማርያም፣ እኔ ነኝ!”

“ተንኮለኛ ነው፣ በልጅቱ ስም ሊሸሸግ ይፈልጋል። ጨምሩበት።”

እማን ሰማኋት፣ “ወይኔ ልጄን፣ ምነው አልለቃት አለ” ስትል። ለእኔ እያዘነችልኝ ነው እንግዲህ። ስሜን በጠራሁ ቁጥር በርበሬ ይጨምራሉ። ልመናም ሞከርሁ፣ ስድብም ሞከርሁ፣ ዝምታም ሞከርሁ። ዝም ስል “ደንቆሮ ሆነ” ብለው ገረፉኝ። ጩኸቴ አልቆ ድምፄ ሲሰነጠቅ፣ እንደ ሽማግሌ ሲጎረንን፣ “ይኸው! እውነተኛው ድምፁ ወጣ!” ብለው ደስ አላቸው።

በዚያ ጭስ ውስጥ ነው የገባኝ። ትርንጎ ከዚህ ቤት በሕይወት አትወጣም። ሌላ ሰው ግን ሊወጣ ይችላል።

አባቴን ያስተማረ የኔታ ክንፉ የሚባል መምህር ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ሞቶ ጣራ ገዳም ተቀብሯል። አባቴ በዓለም ላይ የሚፈራው እሱን ብቻ ነበር፤ ሞቶም ይፈራው ነበር። ክረምት ሲገባ ጀርባው ላይ ያለው የድሮ ጠባሳ ያሳክከዋል፤ እኔ ቅቤ አሽለታለሁ። አንድ ቀን ሳሽለት የኔታ ክንፉ በጠፍር አስሮ እንዴት እንደ ገረፈው ነገረኝ። ለተማሪዎቹ ይህን አያወራም፤ ያፍራል።

“ማነህ?” አለ ባለመድኃኒቱ።

“ክንፉ ነኝ” አልሁ።

አለንጋው ቆመ። ያን የተሰነጠቀ ድምፄን ይዤ ቀጠልሁ። “ያ ሰነፍ ተማሪዬ የት አለ? ጥሩልኝ። ጀርባውን ያሳየኝ። በጠፍር አስሬ መግረፌን ረሳው እንዴ? በራሴ ማደሪያ ላይ በርበሬ የሚያጨስብኝ ማን ፈቅዶለት ነው?”

አባቴ ከደጅ ቆሞ ኖሯል። ሲገባ ሰማሁት። ከዚያ የጉልበቱ ድምፅ መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

“የኔታ… የኔታ፣ ይማሩኝ። አላወቅሁም።”

“እሳቱን አውጣ። በሩን ክፈት። ውሃ አምጣልኝ።”

እሳቱ ወጣ። በሩ ተከፈተ። ጋቢው ከላዬ ተነሣ። አባቴ በገዛ እጁ ዋንጫ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ “ይጠጡ” አለኝ። ዓይኔ ተቃጥሎ ፊቱ ደህና አልታየኝም። ጠጣሁ። ከዚያ ውሃ የሚጣፍጥ ነገር በሕይወቴ አልቀመስሁም። በመላ ሰውነቴ የተረፈኝ ያ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞ ድምፄ ተመልሶ አልመጣም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የኔታ ክንፉ አልለቅም አለ፤ ምን አስቦ ይለቅቃል? ቢለቅ ትርንጎን ምን እንደሚጠብቃት ያውቃል። የሰው ልጅ የሚያገባኝ ጠፋ። የሙት ማደሪያ ማን ያገባል? ዋሴ በዚያው ክረምት ተመሰከረለት፤ የኔታ ክንፉ ራሱ ያስተማረው ነው ተብሎ ከፍ ያለ ወንበር ተሰጠው። እብናት ላይ መምህር ሆኖ ኖረ። ተማሪ ሲያስመሰክርበት ማር አስይዞ ወደኔ ይልከው ነበር። ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጬ፣ ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ ማን ማንን እንደሚበላ፣ እነግራቸዋለሁ። ቅኔውንም እሠራላቸዋለሁ። የኔታ ክንፉ ከኖረበት ይልቅ ከሞተ ወዲህ ሊቅ ሆነ እያለ ሰው ይደነቅ ነበር። ስሙ ጎንደር ድረስ ሄደ። የኔ ስም ከዚህች ወረቀት በቀር የትም የለም።

አባቴም መጣ። ለንጉሡ በዓል የሚያቀርበው ቅኔ ነጥፎበት ነው የመጣ። ጫማውን ከደጅ አወለቀ። “የኔታ፣ አሉ እንዴ?” አለ ከመጋረጃው ወዲያ። ያውቅ ነበር? ያን የጠባሳ ወሬ እንደነገረኝ ረስቶ ነበር? ወይስ ማስታወስ አልፈለገም? ስንት ዓመት አስቤበት አልደረስሁበትም። መወድስ ነገርሁት። ሲሰማ ቆየና፣ “ይበል!” አለ። “ይበል፣ የኔታ! እድሜ ለርስዎ!”

የተመኘኋት ቃል ያቻት። መጣች፤ የሌላ ሰው ቤት አንኳክታ ገባች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን እንማራለን ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሰው ጥበብን አይጠላም። ጥበብ ከማን አፍ እንደ ወጣች ነው የሚመረምር። የፈለገው አፍ ካልሆነ፣ አፉን ሊቀይረው በርበሬ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ የኔን አገር ሰው ደግ ነው ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ደግ ነው። እናቴም እያለቀሰች ነው በርበሬውን ያመጣችው።

አባቴ ሊሞት ሲል ከመኝታው አጠገብ እኔ ብቻ ነበርሁ። ንስሐውን ተናዟል፤ ቄሱ ወጥተዋል። እጁን ያዝሁት። አሁን እንኳ፣ ማንም በሌለበት፣ ብዬ አሰብሁ። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፄ ጠጋ ብዬ ነገርሁት።

“አባባ፣ ትርንጎ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነበርሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።”

ዓይኑን ገለጠ። ብዙ ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ። እንደ ሰማኝ አውቃለሁ፣ እንደ ገባውም አውቃለሁ።

“ትርንጎ፣ ልጄ፣” አለ፣ “እስቲ አንቺ ውጪልኝ። ጊዜ የለኝም። የኔታን ጥሪልኝ።”

ወጣሁ። ከደጅ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ተመልሼ ገባሁ።